ካንሰሩ የሚለቀውን ፕሮቲን ስለሚይዙ መድኃኒቶች፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰው ካንሰር ተገኘበት ከተባለ ወሬው ከሳቢያን ሰፈር ከዚራ ሰፈር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ከወሬው ኋላ ምክር ይከተላል። "ውጭ አገር አዲስ መርፌ አለ፣ ካንሰሩ የሚለቀውን ነገር ይዞ ያስቀረዋል" የሚል ዘመድ አይጠፋም። የመድኃኒቱ ስም በቴሌግራም ይላካል። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ቤቱን የሚሸጥለት ደላላ ማፈላለግ ይጀምራል።

መርፌው ውሸት አይደለም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ብዙ ሰውም ረድተዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚሰራው ለተወሰነ የካንሰር ዓይነት ነው። ይህ ሳይጣራ የሚወጣው ገንዘብና የሚያልፈው ጊዜ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ በአጭሩ። ዕጢ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ለማደግ የራሱ የደም ስር ያስፈልገዋል። ኦክስጅን ሲያጥረው ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ይለቃል። ይህ ፕሮቲን በአቅራቢያው ያሉት የደም ስሮች ወደ ዕጢው እንዲያድጉ ያደርጋል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) "ይህን መንገድ ብንዘጋው ዕጢው ማደግ ያቅተዋል" የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች አላመኑትም። በ1989 ተመራማሪው ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ ፕሮቲኑን ለይተው አወጡት። በ2004 ቪኢጂኤፍን ይዞ የሚያስቀረው ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን፣ ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ወደ ስህተቶቹ እንለፍ።

በደም ቁጥር ብቻ መፍረድ

ዕጢ የሚለቃቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ይለካሉ። ሲኤ 125 (ለእንቁላል እጢ ካንሰር)፣ ፒኤስኤ (ለፕሮስቴት)፣ ኤኤፍፒ (ለጉበት)፣ ሲኢኤ (ለአንጀት) የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሐኪም ሳያዘው በገዛ ፈቃዱ የሚያሰራ ሰው ብዙ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቤቱ በለቅሶ ይሞላል፣ ዝቅ ካለ ደስታ ነው። ሁለቱም ችኮላ ነው።

ሲኤ 125 በሆድ ቲቢ ይጨምራል። በወር አበባ ጊዜም ይጨምራል። ቲቢ በበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመድኃኒት የሚድን ቲቢ የያዛት ሴት ካንሰር ነው ተብላ ተስፋ ልትቆርጥ ትችላለች። ፒኤስኤ በፕሮስቴት ኢንፌክሽንም፣ ካንሰር ባልሆነ የፕሮስቴት ማበጥም ከፍ ይላል። ኤኤፍፒ እርጉዝ ሴት ላይ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። በተቃራኒው ካንሰር እያለ ቁጥሩ መደበኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሐኪሙ ከሌላው ምርመራ ጋር አያይዞ ሲያየው፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ሲከታተለው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ሁሉ መድኃኒት የሚያነጣጥርበት ፕሮቲን አይደለም። አንዳንዱ ካንሰሩ መኖሩን ብቻ ይጠቁማል፣ ቢወገድም ዕጢው ምንም አይጎድልበትም።

የባዮፕሲውን ናሙና መርሳት

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ካንሰሩ ምን ዓይነት እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት። ለምርመራ ከዕጢው የተወሰደው ቁራጭ (ባዮፕሲ) በሰም ተደርጎ ይቀመጣል፣ ብሎክ ይሉታል። ተጨማሪ ምርመራ የሚሰራው ከእሱ ላይ በስሱ እየተቆረጠ ነው። ብሎኩ ከሌለ ታማሚው እንደገና ሊወጋ ወይም ሊቀደድ ይችላል።

የጡት ካንሰርን እንውሰድ። ከታማሚዎቹ ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሄር2 የተባለ ፕሮቲን ይበዛል። ይህ ፕሮቲን የሚለቀቅ ሳይሆን የሕዋሱ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ነው፣ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። ከ1998 ጀምሮ ያለው ትራስቱዙማብ ለእነዚህ ሴቶች ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ሄር2 ላልበዛባት ሴት ግን እሱን ፈልጎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህን የሚለየው ከብሎኩ ላይ የሚሰራው ምርመራ ነው።

ድሬ ድልጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ታክሞ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር የተጻፈለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው የውጤት ወረቀቱን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ "ብሎኩስ?" ይባላል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሶ ማምጣት ወይም በሰው ማስላክ ይመጣል። እባካችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ናሙናው የትኛው ላቦራቶሪ እንዳለ ጠይቁ። ብሎኩንና የመስታወት ስላይዱን ፈርማችሁ ተረከቡ። ሙቀት እንዳያገኘው በደንብ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ሰም ነውና ይቀልጣል።

መርፌው ኬሞን ይተካል ማለት

ኬሞ (ኬሞቴራፒ) ያስፈራል፣ ስለዚህ "አዲሱ መርፌ ካለ ኬሞው ይቅርብኝ" የሚል ታማሚ አለ። ስሜቱ ይገባኛል። ቤቫሲዙማብ በ2004 የተፈቀደው ግን ከኬሞ ጋር ተደርጎ ነው። በጥናቱ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ታማሚዎች ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት ከ15.6 ወር በላይ ነበር። መርፌው ሲጨመርበት ቁጥሩ 20.3 ወር ሆነ። ወደ 5 ወር የሚጠጋ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው። ፈውስ ግን አይደለም፣ ብቻውንም የመጣ አይደለም።

ይኸው መድኃኒት በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የጡት ካንሰርም ተፈቅዶ ነበር። በኋላ ዕድሜ እንደማያራዝምና ጉዳቱ እንደሚያመዝን ታየ። በ2011 ለጡት ካንሰር የተሰጠው ፈቃድ ተነሳ። "ለእገሌ ሰርቷል" ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ለየትኛው ካንሰር እንደሆነ ነው።

ኬሞ ስላልሆነ አይጎዳም ማለት

ፀጉር አያረግፍም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ቪኢጂኤፍ ጤናማው ሰውነትም የሚጠቀምበት ፕሮቲን ነው። ሲያዝ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ደም ሊፈስ ይችላል፣ አልፎ አልፎም አንጀት ይበሳል። ለዚህ ነው ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም ቢያንስ 28 ቀን የማይሰጠው። ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለካንሰር ሐኪሙ ንገሩት።

ጫትም አለ። እዚህ አካባቢ ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ጫት የደም ግፊት ይጨምራል። መርፌውም ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። ሐኪሙ ሲጠይቅ አፍሮ "አልቅምም" ማለት ራስን መጉዳት ነው። ጥቁር አዝሙዱንም፣ ለመድኃኒት ተብሎ ከሐረር የመጣውንም ቅጠል እንዲሁ ንገሩ።

"አልበላ አለ" ብሎ መቆጣት

እናት ሁልበት መረቅ (የአብሽ ሾርባ) ሰርታ ታቀርባለች። ታማሚው ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተዋል። "እንቢ ብሎ ነው እንጂ ቢበላ ይድን ነበር" ይባላል፣ እሱም ጥፋቱ የራሱ መስሎ ይሰማዋል።

ጂዲኤፍ15 የተባለ ፕሮቲን አለ። ብዙ ዕጢዎች ይለቁታል። አንጎል ግንድ ላይ ደርሶ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል። በ2024 ፖንሴግሮማብ የተባለ፣ ይህን ፕሮቲን የሚይዝ መድኃኒት በ187 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ወጣ። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ውስጥ ካልወሰዱት በክብደት በ2.8 ኪሎ ያህል በለጡ። ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ስለነበር ፋርማሲ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ግን ጥናቱ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፦ ምግቡን የሚያስጠላው በሽታው ነው። ጥቂት ጥቂት፣ በፈለገበት ሰዓት ስጡት። አትጫኑት።

ጥማቱንና ድካሙን በሙቀቱ ማመካኘት

የድሬ ሙቀት ጤነኛውንም ያደክማል። ለዚህ ነው ይህ ስህተት አደገኛ የሚሆነው። አንዳንድ የሳንባ፣ የጡት፣ የኩላሊት፣ የጉሮሮ ካንሰሮች ፒቲኤችአርፒ የተባለ ፕሮቲን ይለቃሉ። በ1987 የታወቀ ነው። አጥንት ካልሲየሙን ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል። ታማሚው በጣም ይጠማዋል፣ ሽንት ይመላለሳል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያም መቀባዠር ይጀምራል። ቤተሰብ "በቃ፣ መጨረሻው ነው" ብሎ ቁርአን ማስቀራት ወይም ቄስ መጥራት ይጀምራል።

ጸሎቱ ይቀጥል፣ ግን ሆስፒታል ውሰዱት። የካልሲየም መጠን በደም ምርመራ ይታወቃል። በደም ስር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽና (እኛ ሁሉንም ግሉኮስ እንለዋለን) አጥንት ካልሲየም እንዳይለቅ የሚያደርግ መድኃኒት ሲሰጠው ብዙ ሰው በቀናት ውስጥ አእምሮው ይመለሳል። ካንሰሩ ባይድንም ያ ሰው ከልጆቹ ጋር መነጋገር ይችላል።

በአይጥ ዜና መነሳት

በግንቦት 1998 ከፎክማን ቤተ ሙከራ የወጡ ሁለት ፕሮቲኖች በአይጦች ላይ ዕጢ አጠፉ ተብሎ ዓለም ሁሉ ተናወጠ። ሰው ላይ ሲሞከሩ ያ ውጤት አልተደገመም። ዜና ስታነቡ ሙከራው በአይጥ ይሁን በሰው መጀመሪያ እዩ።

መድኃኒቱን በሰው እጅ ማስመጣት

እነዚህ መርፌዎች ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው። በረዶ መሆን የለባቸውም፣ ብርሃንም አይወዱም። ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ በሻንጣ መጥቶ ድሬ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ የዋለ ብልቃጥ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የተጭበረበረ አቫስቲንም አለ። በ2012 አሜሪካ ውስጥ እንኳ ምንም መድኃኒት የሌለበት ብልቃጥ ተገኝቷል። ሐኪሞች ከየት እንደመጣ የማያውቁትን መርፌ አንሰጥም ሲሉ ቤተሰብ ይቀየማል፣ ግን ልክ ናቸው። ስለዚህ ብሩን ከመላካችሁ በፊት የሚሰጠውን ሐኪም አነጋግሩ፦ መድኃኒቱ ለዚህ ካንሰር ይሆናል ወይ፣ ስንት ዙር ያስፈልጋል፣ ከየትኛው ፋርማሲ ቢገዛ ትቀበላላችሁ?