ከአቅም በላይ የሆነ ግንባታን ለመግታት የሚደራጁ ነዋሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተደራጁ ነዋሪዎች የከተማን የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ማስለወጥ እንደሚችሉ የሚያጠራጥር አይደለም። ስለ ከተሞች የጻፈችው ጄን ጄኮብስና ጎረቤቶቿ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኒው ዮርክ የዋሽንግተን ስኩዌርን መናፈሻ ሊያቋርጥ የታሰበውን መንገድ፣ ቀጥሎም የታችኛውን ማንሃታን ለሁለት ሊከፍል የነበረውን ፈጣን አውራ ጎዳና ለማስቀረት በቅተዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሰፈር እንቅስቃሴ እንዲህ ያለ ውጤት አያገኝም። ለዚህ ምክንያት የሚሆኑት ስህተቶች ከቦታ ቦታ ተመሳሳይ ናቸው፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የመጀመሪያው ነው።

ክሬኑ ከቆመ በኋላ መነሳት

ብዙ ነዋሪ ስለ ሰፈሩ ዞን፣ ማለትም በየቦታው ምን ዓይነትና ምን ያህል ግንባታ እንደሚፈቀድ፣ መጠየቅ የሚጀምረው ከጎኑ ያለው ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ቁፋሮ ሲጀመር ነው። ይህ ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ዓይነት ተቃውሞ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቦታ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ዕቅዱ ሲጸድቅ፣ ምናልባትም ከዓመታት በፊት፣ ተወስኗል። ውሳኔው በደረጃ የሚወርድ ነው፦ በመጀመሪያ መላውን ከተማ የሚመለከተው መሪ ፕላን ይዘጋጃል፣ ከዚያ የየአካባቢው ዝርዝር ፕላንና የዞን ደንቡ ይወጣል፣ በመጨረሻ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የነዋሪው ድምፅ የሚሠራበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። በብዙ ከተሞች አንድ አልሚ ያቀረበው ንድፍ ደንቡን የሚያሟላ ከሆነ ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ ነዋሪዎች በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቢሰበሰቡም እርሱ ሕጉን ከመፈጸም ውጭ ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሰፈሩን በየቀኑ እንደሚያውቁት ሁሉ የሰፈሩን የዞን ካርታም ማወቅ፣ የፕላን ክለሳ መቼ እንደሚካሄድ መከታተል፣ በረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ ሳያልፍ ሐሳብን በጽሑፍ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ አሰልቺ መሆኑ አይካድም፤ ረቂቅ ፕላን ለማንበብ የሚሰበሰበው ሰው ሕንጻ ለመቃወም ከሚወጣው ሰው ምንጊዜም ያንሳል። አልሚዎች ግን ረቂቁን ባለሙያ ቀጥረው ያነባሉ።

ስለ ፎቅ ብዛት ብቻ መከራከር

ከፍታ በዓይን ስለሚታይ ክርክሩን ሁሉ ይውጠዋል። በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ግንባታ እንደሚያርፍ በይበልጥ የሚወስነው ግን የጠቅላላ ወለል ስፋት ከቦታው ስፋት ጋር ያለው ምጣኔ ነው። ለምሳሌ በ1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ምጣኔው 2 ከሆነ፣ በጠቅላላው 2,000 ካሬ ሜትር ወለል መሥራት ይቻላል። ይህ ስፋት የቦታውን ግማሽ የሚሸፍን ባለ አራት ወለል ሕንጻ ሊሆን ይችላል፤ ሩቡን ብቻ ሸፍኖ ስምንት ወለል ድረስ የሚወጣ ሕንጻም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም የሚገባው ሰው፣ የሚፈሰው ፍሳሽና የሚጨመረው ተሽከርካሪ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ለዛፍና ለልጆች መጫወቻ የሚተርፈው መሬት ላይ ነው። ስለ ምጣኔው ሳያነሱ «ከአራት ፎቅ አይለፍ» ብለው ያሸነፉ ነዋሪዎች፣ ከአጥር እስከ አጥር የተሞላ ባለ አራት ወለል ግንብ አጠገባቸው ሲቆም ይደነግጣሉ። በቦታው ላይ ሊገነባ የሚችለው የመሬት ሽፋን ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ፣ ውኃ የሚያሰርግ ክፍት መሬት ምን ያህል እንደሚቀር መጠየቅ ከፍታን ከመጠየቅ እኩል ይጠቅማል። የመኪና ማቆሚያ ጉዳይም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የመንገድ መጨናነቅን የሚቃወም ማኅበር ሕንጻው ብዙ ማቆሚያ እንዲኖረው ሲያስገድድ፣ ብዙ መኪና ወደ ሰፈሩ መጋበዙ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታየውም።

ስለሚገቡት ሰዎች መናገር

«እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሰፈራችን አይገቡም» የሚል ንግግር ከስብሰባው መዝገብ አይጠፋም፤ የማኅበሩን ሌላ ክርክር ሁሉ ያበላሻል። የዞን ሕግ ታሪክ በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም። የሉዊቪል ከተማ ጥቁሮች ነጮች በሚበዙበት መንደር ቤት ይዘው እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ አውጥታ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1917 ሽሮታል። ሆኖም ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በዩክሊድ መንደር ጉዳይ የዞን ደንብን ሕጋዊ ሲያደርግ፣ በግል ቤቶች መሐል የሚሠራን አፓርታማ ከጥገኛ ተውሳክ ጋር አመሳስሎታል። ከዚህ ታሪክ የተነሣ ውሳኔ ሰጪዎች የነዋሪዎችን ተቃውሞ በጥርጣሬ ቢያዩት አያስገርምም። ክርክሩ መሬቱ ስለሚሸከመው ጭነት ይሁን፤ ስለ ተከራዩ ገቢ፣ ዘር ወይም አመጣጥ አይሁን። ማኅበሩ ራሱም የቤት ባለቤቶች ብቻ የተሰበሰቡበት ከሆነ፣ ተከራዮችና የሱቅ ነጋዴዎች በሌሉበት «የሰፈሩ ድምፅ» ነኝ ማለቱ አያስኬደውም።

አማራጭ ሳይዙ «አይሆንም» ማለት

በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1915 የተጠናቀቀው የኢኩዊተብል ሕንጻ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ አርባ ፎቅ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ በመውጣቱ በዙሪያው ያሉትን ጎዳናዎችና ሕንጻዎች ብርሃን ነፈጋቸው። ከተማው በማግሥቱ ዓመት ያወጣው የዞን ደንብ ረጃጅም ሕንጻዎችን አላገደም፤ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሲወጡ ግን ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ አስገደደ። ጥያቄው ብርሃን ነበርና መልሱም ብርሃንን የሚመለከት ሆነ። ዛሬም ፍሳሹ አይችልም ከተባለ ግንባታው ከመስመሩ ማሻሻያ ጋር በየምዕራፉ እንዲሄድ፣ ትምህርት ቤቱ ሞልቷል ከተባለ ቦታ እንዲከለል፣ ታሪካዊ ቤቶች ይፈርሳሉ ከተባለ ጥግግቱ (በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ቤት ብዛት) ወደ ትራንስፖርት መስመር እንዲዛወር ማቅረብ ይቻላል። በእኔ ግምት ከሁሉም የደከመው ጥያቄ ምንም እንዳይሠራ የሚለው ነው። ቤት ፈላጊው እየበዛ ግንባታ ከቆመ ጫናው ወደ ኪራይ ወይም ወደ ከተማው ዳርቻ ይዞራል። የኒውዚላንዷ ኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በብዙ የመኖሪያ መንደሮቿ ጥግግት ስትፈቅድ የቤት ግንባታ ፈቃድ በእጅጉ መጨመሩም ለውሳኔ ሰጪዎች ዘወትር የሚቀርብ ማስረጃ ሆኗል፤ ተከራካሪ ነዋሪዎች ይህን ቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

አንድ ዓይነት ደብዳቤ በብዛት ማስገባት

ተባዝቶ በመቶ ሰው የተፈረመ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው እንደ አንድ አስተያየት ነው። በዝናብ ወቅት ውኃ የሚተኛበትን መንገድ ከነፎቶውና ከነቀኑ የሚያሳይ አንድ ገጽ ከዚያ ይበልጣል። በተጨማሪም በአንዳንድ አገሮች ይግባኝ የሚሰማው አካል የሚመለከተው ቀድሞ በጽሑፍ የገባውን ወይም በቃለ ጉባኤ የተያዘውን ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ በቃል ተነግሮ ያልተመዘገበ ክርክር በይግባኝ ጊዜ እንዳልተነሣ ይቆጠራል።

የአልሚውን የቃል ተስፋ መቀበል

መናፈሻ እንሠራለን፣ መንገዱን እናሰፋለን የሚል ተስፋ በፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ ካልተጻፈ ቦታው ለሌላ ሲሸጥ ይቀራል። አዲሱ ገዢ ቃል የገባው ለማንም አይደለም።

ደንቡ ሲጸድቅ መበተን

ጥሩ ደንብ የሚሸረሸረው በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ለውጥ አይደለም፤ በየጊዜው ለነጠላ ባለይዞታዎች በሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ነው። አንድ ሕንጻ በልዩ ምክንያት ሁለት ወለል ይጨመርለታል፣ ቀጣዩ አመልካች ያንን ጠቅሶ ተመሳሳይ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ሲመጣ «የአካባቢው ገጽታ ተለውጧል» የሚለው ራሱ በቂ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ የልዩ ፈቃድ ማመልከቻዎችን ማስታወቂያ በየሳምንቱ የሚያይ አንድ ሰው መመደብ፣ የተሰጡትንም በሰፈሩ ካርታ ላይ እያሰፈሩ መያዝ ያስፈልጋል፤ አራተኛው ማመልከቻ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ያ ካርታ ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለበት።