የዓሣ ውድድር ዓመታችሁ ለምን አልቀናም? ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሰኔ ሲገባ መንጠቆ እንሰቅላለን። ክረምቱ የዓሣው ጊዜ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል። ያኔ ማጥመድ የከርሞውን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ነው። ስለዚህ ዝናቡ የጎንደርን ቆርቆሮ ሲደበድብ እኔ ቡናዬን ይዤ ደብተሬን እከፍታለሁ። ዓመቱን የምመረምረው ያኔ ነው።

ውድድሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። 10 ጓደኛሞች ነን። ከኅዳር እስከ ግንቦት በወር አንዴ፣ በድምሩ 7 ጊዜ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ እንወርዳለን። ዋዜማውን በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ሄደን እዚያው እናድራለን። ጠዋት ዕጣ ይወጣል። ሁሉም የደረሰው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ቦታ መቀየር የለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት እናጠምዳለን። በዓሣ ማጥመድ የዓለም ሻምፒዮና ላይም አንድ ውድድር 4 ሰዓት ስለሚፈጅ እኛም እሱን ያዝን። የተያዘው ዓሣ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ከረጢት በሕይወቱ ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ ተመዝኖ ይለቀቃል። በክብደት አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ አሥረኛ 10 ይያዝለታል። ዓመቱ ሲያልቅ ነጥቡ ትንሽ የሆነው ያሸንፋል።

ባለፈው ዓመት 8ኛ ወጣሁ። የሚከተሉትን ችግሮች አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ከራሴ ደብተር ነው።

«ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብቻ ዓመቱ አልቀናኝም»

መንስኤው አለመጻፍ ነው። ጭንቅላታችን ትልቁን ዓሣና ያመለጠውን ዓሣ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ምንም ያልተያዘበት ሁለት ሰዓት ከትውስታ ይጠፋል። ውድድሩን የበላው ግን እሱ ነው።

መፍትሄው በየሰዓቱ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ስንት ዓሣ፣ ምን ዓይነት፣ በስንት ሜትር ጥልቀት፣ በምን ምግብ፣ ነፋሱ ከየት። የእኔ የታኅሣሥ ገጽ እንዲህ ይላል (ቆሮሶ ማለት ቲላፒያ ነው)፦ «ቦታ 4። ከ1 እስከ 2፣ 7 ቆሮሶ። ከ2 እስከ 3፣ 2። ከ3 እስከ 4፣ ዜሮ። ከ4 እስከ 5፣ ዜሮ። 1 ኪሎ ከ100 ግራም። 9ኛ።» ይህን ባልጽፍ ኖሮ «በታኅሣሥ ዓሣ አልነበረም» ብዬ እምል ነበር። ዓሣውማ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ቆይቶ ነው የሄደው።

ያለፈውን ዓመት ካልጻፋችሁ አሁንም አልረፈደም። ስልካችሁ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አውጡ፤ እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓት ይዟል። ከዚያ ጎናችሁ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ቡና ጋብዙና ጠይቁ። እሱ የእናንተን ባዶ ሰዓት ከእናንተ በተሻለ ያስታውሳል።

«ዕጣ ነው የጣለኝ»

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ነው፤ ለዚህም ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ዕጣ እውነት ነው። ደንገሉ አጠገብ የደረሰው ሰውና ባዶ ጭቃ ላይ የደረሰው ሰው እኩል አይደሉም። ጥያቄው ከ7ቱ ውድድር ስንቱን ዕጣ አበላሸው፣ ስንቱን እኛ አበላሸነው ነው።

ለመለየት አሸናፊውን እርሱት። እሱ 80 ሜትር ርቆ ሌላ ውሃ ላይ ነው ያጠመደው። በቀኝና በግራ ያሉትን ጎረቤቶቻችሁን ተመልከቱ። ጥልቀቱ፣ ነፋሱ፣ ፀሐዩ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ከእናንተ በታች ከወጡ ቦታው ነው የጎዳችሁ፤ እንዲያውም ጥሩ ሠርታችኋል። ሁለቱም ከበለጧችሁ ግን ዕጣን አትውቀሱ። አንዱ በልጦ አንዱ ካነሰ መካከለኛ ቀን ነበር፤ እለፉት።

እኔ ነጥቤን ከጎረቤት ጋር ሳስተያየው እንዲህ ሆነ። ኅዳር ላይ አንደኛ ወጥቻለሁ። ጥር ላይ 8ኛ ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼ 9ኛና 10ኛ። መጋቢት ላይ 7ኛ፤ እነሱ 8ኛና 9ኛ። ሁለቱን ወር ዕጣ ጣለኝ ማለት እችላለሁ። በቀሩት አራት ወራት ግን ግራም ቀኝም በልጠውኛል። ታኅሣሥ ላይ እኔ 1 ኪሎ ከ100 ስመዝን በግራዬ 3 ኪሎ ከ400፣ በቀኜ 2 ኪሎ ከ800 ተመዘነ። ያን ቁጥር ጎን ለጎን ስጽፈው እጄ ቀዘቀዘ። ዓመቱን ሙሉ ዕጣን ስረግም ነው የከረምኩት።

አንድ ማስተካከያ አለ። ዳርና ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ በባዶው በኩል ያለው ዓሣም ወደ እሱ ይመጣል። ስለዚህ ዳር ላይ ሆናችሁ ጎረቤታችሁን ብትበልጡ ብዙ አትኩራሩበት። ከዳሩ ሰው ቀጥሎ ተቀምጣችሁ በጥቂቱ ብትበለጡም አትዘኑ።

«በደንብ እጀምራለሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭር ይላል»

የታኅሣሤ በሽታ ይህ ነው። መንስኤው ሦስት ዓይነት ነው፤ ደብተሩ ይለየዋል።

አንደኛው ማጥገብ ነው። ጠዋት ላይ ፉርሽካና ፋጉሎ አቡክተን፣ የብርቱካን ያህል እያድቦለቦልን አሥር አሥራ አምስቱን በአንዴ እንወረውራለን። ቆሮሶው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠግባል። መንጠቆው ላይ ያለችው ሊጥ ከዚያ ሁሉ ምግብ መሀል አንዷ ፍርፋሪ ትሆናለች። ምልክቱ ቡሹ (ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈው) መንቀጥቀጡ፣ ግን አለመስመጡ ነው። ዓሣው አለ፤ አይርበውም። መፍትሄው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ድብልብል ብቻ መጣል፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው የለውዝ ፍሬ የምታህል መጨመር ነው። ሲቡካ እርጥበቱንም ተጠንቀቁ። በጣም ከረጠበ ጭቃ ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጣል። በእጅ ጨብጣችሁት የሚይዝ፣ በአውራ ጣት ሲነካ ግን የሚፈረካከስ ይሁን። ውሃው ውስጥ እየተበተነ ሲወርድ ነው ዓሣ የሚጠራው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዓሣ መያዝ ስንጀምር ደስ ብሎን መመገብ እንረሳለን። ምግቡ ሲያልቅ መንጋው ወደሚመግበው ጎረቤት ይሄዳል። ምልክቱ ቡሹ ጨርሶ አለመነቃነቁ፣ ጎረቤት ግን መሳብ መጀመሩ ነው።

ሦስተኛው አዳኝ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ብቻ ከሚገኙት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። አንዱ ትልቅ አዳኝ ሲጠጋ ትንንሾቹ በአንድ አፍታ ይበተናሉ። ምልክቱ በየደቂቃው ይነካ የነበረው ቡሽ በድንገት ፀጥ ማለቱ ነው፤ ቀስ በቀስ አይደለም። ያኔ ተጨማሪ ምግብ አትወርውሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አጥምዱና ተመለሱ።

ደብተሬን ሳየው የእኔ የመጀመሪያው ነበር። በታኅሣሥም በየካቲትም «14 ድብልብል» ብዬ ጽፌያለሁ። አንደኛ በወጣሁበት በኅዳር ግን ፉርሽካ አንሶኝ 4 ብቻ ነበር የጣልኩት። ያሸነፍኩት በችሎታዬ መስሎኝ ነበር።

«ይነካል፣ ስስበው ግን ባዶ ነው»

ቆሮሶ ምግቡን መጥጦ፣ ካልጣመው ወዲያው የሚተፋ ዓሣ ነው። አፉም ትንሽ ነው። ቡሹ ከውሃ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከወጣ፣ ዓሣው ሲመጥ የቡሹ ክብደት ይሰማውና ይተፋዋል።

አንድ ጠዋት ደንገል ታንኳው ላይ የቆመ የጎርጎራ ሽማግሌ አስተያየኝና «ልጄ፣ ቡሽህ ረጅም አንገት አለው» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። ክሩ ላይ ትንንሽ እርሳስ ጨምሩ፤ ጫፉ የስንዴ ፍሬ ያህል ብቻ ከውሃ በላይ ትታይ። ያኔ ትንሿ ምጥጥ እንኳ ታሰምጠዋለች።

ከዚያ መንጠቆውን አረጋግጡ። ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀለል አድርጋችሁ አስኪዱት። ከነከሰ ስለታም ነው። ከተንሸራተተ ቀይሩት፤ ድንጋይ ነክቶ ደንዝዟል። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ ይሻላል። ስትገዙ ልብ በሉ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል።

ሌላም የወቅት ምክንያት አለ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ በዚያ ጊዜ መብላት ታቆማለች ማለት ይቻላል። ዝናቡ ሲቃረብ ንክሻው ከቀዘቀዘ ሁሉንም በራሳችሁ ላይ አታላክኩ። አፏ ውስጥ ጫጩት ያለባት ከያዛችሁ ደግሞ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ ሳትጨብጧት፣ ወዲያው ልቀቋት። ለሚዛን አትያዝም።

«አንዴ አንደኛ ወጣሁ፣ በዓመቱ ድምር ግን የለሁም»

መንስኤው አምባዛ (ካትፊሽ) መጠበቅ ነው። ኅዳር ላይ ከቆሮሶው ጋር አንድ ትልቅ አምባዛ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ምንም ባጣሁ ቁጥር ወፍራም ክር አስሬ፣ ትል ሰክቼ፣ መሬት ላይ አስቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ። አምባዛ ይበልጡን በሌሊት የሚንቀሳቀስ ዓሣ ነው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ቁጭ ብሎ እሱን መጠበቅ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል።

ነጥቡን እዩት። የእኔ 1፣ 9፣ 8፣ 9፣ 7፣ 10፣ 8 ነበር፤ ድምሩ 52። ዓመቱን ያሸነፈው ጓደኛችን 3፣ 2፣ 4፣ 3፣ 2፣ 4፣ 3፤ ድምሩ 21። አንድም ቀን አንደኛ አልወጣም! በነጥብ ውድድር ትልቅ ዓሣ የሚሰጠው ያችኑ 1 ነጥብ ነው፤ አንድ ክፉ ቀን ግን 10 ያስይዛል።

መፍትሄው መጀመሪያ ትንንሽ ዓሣ ይዞ የደረጃው መሀል ላይ መድረስ ነው። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ፣ ከጎረቤቶቻችሁ እንደማታንሱ ካወቃችሁ፣ ያኔ ለአምባዛ ሞክሩ። ቀኑ ሲከፋ ደግሞ 10ኛነትን ወደ 7ኛ ለማምጣት ታገሉ። እነዚያ 3 ነጥቦች ልክ እንደ ድል ዋጋ አላቸው። እንግሊዛዊው አለን ስኮትሆርን እ.ኤ.አ. በ1996፣ 1997 እና 1998 በተከታታይ በዓሣ ማጥመድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አራተኛውን ለማግኘት ግን እስከ 2003 ጠብቋል፤ አምስተኛው በ2007 መጣ። እሱም ሁልጊዜ አያሸንፍም።

«ወደ ግንቦት ሲጠጋ ያው ቦታ፣ ያው ምግብ፣ ውጤቱ ግን ይወርዳል»

ቦታው ያው አይደለም። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ወገብ የሚያደርስ የነበረው ውሃ ግንቦት ላይ ጉልበት አይደርስም። ሙቀቱም ስለሚጨምር ዓሣው ጠዋት በጊዜ በልቶ ወደ ጥልቁ ይገባል። በዓቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ደግሞ መረቡም ይበዛል፤ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ዓሣ ይደነግጣል።

በየውድድሩ፣ ከመመገባችሁ በፊት፣ መንጠቆው ላይ ከበድ ያለ እርሳስ አስራችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ቡሹ ከሰጠመ ውሃው ከገመታችሁት ይጠልቃል፤ ከተጋደመ ያንሳል። 5 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ግንቦት ላይ «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» ብዬ ሳልለካ ጀመርኩ። ክሬ ጭቃ ላይ ተኝቶ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ባጭር ባጭሩ

ክር ከተበጠሰ የተበጠሰበትን እዩ። ቋጠሮው ላይ ከሆነ ስትቋጥሩ በምራቅ አላራሳችሁትም። መሀሉ ላይ ከሆነ ክሩ አርጅቷል፤ ፀሐይ ናይለንን ያደክማል። በየዓመቱ ቀይሩ።

እምቦጭ ቦታችሁን ከሸፈነው ከነፋሱ ጋር የመጣ ነው። ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ዳር ሲነሳ ይገፋዋል። ምግባችሁን ጠዋት አንድ ቦታ ብቻ አትጣሉ፤ ሁለተኛ ቦታ በጎን አዘጋጁ።

ለመጪው ዓመት የያዝኩት አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው። አምስቱን ጉድለት በአንዴ ላርም ብል የትኛው እንደሠራ አላውቅም። ስለዚህ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «3 ድብልብል፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ሁለት ባዶ ዓምድ አስምሬያለሁ፤ አንዱ ለግራ ጎረቤቴ ኪሎ፣ አንዱ ለቀኙ። ኅዳር ላይ መሙላት እጀምራለሁ።