ሶሪትን በዘጌ ደን ውስጥ እንዴት ማየት ይቻላል

ሶሪት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በአዋሳኙ የደቡብ ሱዳን አካባቢ ብቻ የምትገኝ የደጋና የወይና ደጋ ደን ወፍ ናት። የባሕር ዳር ሰው እርሷን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በበሬ ማረስ በልማድ የተከለከለ በመሆኑና ነዋሪው ቡናውንና ጌሾውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚያለማ፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ደን ሊተርፍ ችሏል።

በመጀመሪያ ከጀልባ ነጂው ጋር በዋዜማው ተነጋግረው ጎህ ሲቀድ ይነሡ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ወፎቹም በይበልጥ የሚንቀሳቀሱት በማለዳ ነው።

ከጀልባ ወርደው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ ወፏን ሳይሆን ዛፉን ይፈልጉ። የሶሪት ዋና ምግብ ፍሬ ነው፤ በደጋ የጥድና የዝግባ ፍሬ ትለቅማለች፣ ሾላና ዋርካ ሲያፈሩም አታልፋቸውም። ስለዚህ ከሥሩ የበሰለ ፍሬ የረገፈበት ዛፍ ሲያገኙ ጥቂት ራቅ ብለው ጀርባዎን ለግንድ ሰጥተው ይቀመጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ግን ይህን ትቶ በየቁጥቋጦው ሲራወጥ ይውላል።

ብዙውን ጊዜ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ድምጿ ለመልኳ የሚመጥን አይደለም፤ ሻካራና ጎርናና ነው። ድምፁ ወደመጣበት ቅርንጫፍ ሲያነጣጥሩ፣ ከመብረር ይልቅ በቅርንጫፉ ላይ እየሮጠች ስትዘል ያገኟታል። ውጨኛው ጣቷ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚዞር ቀጭን ቅርንጫፍ አያዳልጣትም። አካሏ አረንጓዴ፣ ጉትዬዋ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሲሆን፣ ከዓይኗ ፊትና በጉንጯ በኩል ነጭ ምልክት አላት። ቅጠል መሐል ስትቆም አረንጓዴው ይሰውራታል፤ ወደ ሌላ ዛፍ ስትሻገር ግን ክንፏ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ይህ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን በዓለም ላይ ከሶሪትና ከዘመዶቿ በቀር በሌላ ወፍ ላባ አይገኝም።

በዚያው ዛፍ ላይ አካሏ አረንጓዴ፣ መንቁሯ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ ካዩ በቀቀን ትሆናለችና አይሳሳቱ፤ እርሷ አጭር ጅራት አላት፣ በረራዋ ፈጣንና ቀጥ ያለ ነው፣ ክንፏም ቀይ አያሳይም።

የተቀዳ ድምፅ በስልክ አሰምቶ መጥራት አይገባም፤ በተለይ በምትጥልበትና በምትታቀፍበት ወቅት ከጎጆዋ ያስነሣታል። የእርግብ የሚመስል ከጭራሮ የተሠራ ልል ጎጆ ካገኙም ሳይጠጉ መንገድዎን ይቀጥሉ።