ዋናው ቤት እስኪያልቅ፦ ለዶሮዎች ጊዜያዊ ማደሪያ እንዴት ይሠራል?

ቄቦቹ መጥተዋል፤ የዶሮው ቤት ግን ገና ከመሠረቱ አልወጣም። ሲሚንቶ ተወደደ፣ ወይም ግንበኛው አጨዳ ደርሶበት አገሩ ገባ። በሰሜን ሸዋ ይህ የብዙ ሰው ጣጣ ነው። እስከዚያው ዶሮዎቹ ማድቤት ጥግ ወይም አጥር ሥር ሸራ ተጥሎላቸው ያድራሉ፤ አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ ገብቶ ከአንድ በላይ አንቆ ይሄዳል።

ጊዜያዊ ማደሪያ ሲሠራ በመልኩና በግድግዳው ዕቃ መቆጠብ ይቻላል። ወለሉ መድረቅ፣ አየሩ ከላይ መውጣት፣ በሩም ሌሊቱን ሙሉ ጥብቅ ማለት አለበት፤ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ግን ቁጠባ የለም።

ልክና ቦታ

ቀን ቀን ውጭ ለሚውሉ ዶሮዎች ለ1 ካሬ ሜትር 5 ትልልቅ ዶሮ ይበቃል። ስለዚህ 2 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ወርድ ያለው ማደሪያ 12 ዶሮ ይይዛል። ከፊት 1.5 ሜትር፣ ከኋላ 1.2 ሜትር ይቁም፤ ዝናቡ ወደ ኋላ ይወርዳል።

ቦታው ከዋናው ግንባታ ራቅ ይበል። አሸዋና ድንጋይ የሚራገፍበት፣ ሠራተኛ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ከተሠራ መፍረሱ አይቀርም። ከፍ ያለና ውኃ የማይተኛበት መሬት ምረጡ። በሩ የሚዞርበትን አቅጣጫ ለማወቅ ማታ ማታ የምድጃችሁ ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ፤ በሩና የአየር መውጫው ጭሱ በሚሄድበት በኩል ይሁኑ፣ ጀርባው ነፋሱን ይቀበል።

ወለሉ

ደጋውና ቆላው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማደሪያ አይሠራም።

ደጋ ከሆናችሁ ከመሠረቱ የተረፈውን ድንጋይ ከማደሪያው ልክ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ደርድሩ፤ ክፍተቱን በጠጠርና በአፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁት። ከሥር ነፋስ አይገባም፣ አይጥም በቀላሉ አይቆፍረውም። በላዩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። ቆላ ከሆናችሁ ደግሞ ማደሪያውን በእግር 50 ሴንቲ ሜትር አንሱትና ወለሉን በጠባብ ክፍተት በተደረደረ ማገር ሥሩት፤ አየር ከሥር ይነፍስበታል፣ ኩሱም ወደ ታች ይወርዳል።

ግድግዳው

አራቱን ግድግዳዎች ለየብቻቸው በሞራሌ ወይም በቀጭን የባሕር ዛፍ አጣና ፍሬም አድርጋችሁ ሥሯቸው። ከዚያ አቁማችሁ ማዕዘናቸው ላይ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በጥቁር ሽቦ እሰሯቸው፤ በፒንሳ ጠምዝዛችሁ አጥብቁ። ምስማር አልመክርም። ዋናው ቤት ሲያልቅ ሽቦው ተቆርጦ ግድግዳዎቹ እንዳሉ ይነሡና ለክፍል መለያ ወይም ለውጭ መዋያ አጥር ይሆናሉ፤ ለዚህ ሥራ የወጣ ብር አይባክንም።

በደጋ ሦስቱን ግድግዳዎች በጣውላ ቁራጭ ወይም በአሮጌ ቆርቆሮ ድፈኑ። ማዳበሪያ ከረጢት ነፋስ ለመከላከል ከውስጥ ቢወጠር ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ግድግዳ አይሆንም፣ በጥርስ ይቀደዳል። በበሩ በኩል ከጣሪያው ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉና ዓይኑ ጠባብ የሆነ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ሰፊ ዓይን ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳል እንጂ ሸለምጥማጥን ከመግባት አያግድም፤ ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ለሰውነቱም አያንስም።

ብርድ ፈርቶ ይህንን ክፍተት መድፈን የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አትድፈኑት። ላባዋ የሞላ ዶሮ ደረቅ ብርድን ትችላለች። የምትታመመው እርጥበትና የኩስ ሽታ በታፈነበት ቤት ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ዓይናችሁን የሚያቃጥል ሽታ ካገኛችሁ አየር አንሷል ማለት ነው። የከሰል ምድጃም ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ላባቸውን ያልጨረሱ ጫጩቶች እዚህ አይደሩ፤ የሚሞቅ ቦታ ለብቻቸው ይፈለግላቸው።

ጣሪያው

2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ቆርቆሮዎች ይበቃሉ። አትቁረጧቸው፤ በፊትና በኋላ የሚተርፈው ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል፣ በኋላም ለዋናው ጣሪያ ሙሉውን ትጠቀሙበታላችሁ። በዚሁ ምክንያት ምስማርም አትምቱባቸው። ከላይ ሁለት አጣና አጋድማችሁ ጫፋቸውን ከግድግዳው ፍሬም ጋር በጥቁር ሽቦ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ፣ ድንጋይም ጨምሩበት። የደብረ ብርሃን ነፋስ ያልታሰረ ቆርቆሮ ያነሣል።

በውርጭ ሌሊት የዶሮዎቹ ትንፋሽ ከቆርቆሮው ሥር ውኃ ሆኖ ይቋጥራል፤ ሊነጋጋ ሲል ጠብ ጠብ እያለ ጀርባቸውንና ጭዱን ያረጥባል። ከቆርቆሮው በታች ማገር ረብርባችሁ ማዳበሪያ ወጥሩ፣ በመካከሉም ስስ ጭድ ጣል አድርጉ፤ ጠብታው ይቀራል።

በርና ውስጡ

በሩ ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ የሚጠርግበት ይሁን። መቀርቀሪያው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፤ አንድ ብቻ ከሆነ የበሩ ጥግ ሲገፋ ይከፈታል። በደጋ የግድግዳውን ሥር ዙሪያውን በትልልቅ ድንጋይ ደግፉ።

ቆጡ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ቅርፊቱ የተላጠ አጣና ነው። ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር አስቡ። ለ12 ዶሮ ሁለት አጣና በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ በመካከላቸው 35 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ አጋድሙ። ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም ለእሱ ይጣላሉ።

እንቁላል መጣያ አሁን ላያስፈልግ ይችላል። የ45 ቀን ቄብ ከሆነ የያዛችሁት፣ መጣል የምትጀምረው በ5 ወሯ አካባቢ ነው፤ ዋናው ቤት ይደርስላት ይሆናል። የሚጥሉ ካሉ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ የቲማቲም ሳጥን ጭድ ተደርጎበት ጨለም ባለው ጥግ ይቀመጥ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ። ደረቅ አመድ በጣሳ አንድ ጥግ አኑሩ፤ ይታጠቡበታል፣ ቅንቅንም ይቀንሳል።

ማስገባትና ማዛወር

መሽቶ ሲረጋጉ አስገቧቸው፤ ሦስት አራት ቀን እዚያው ዘግታችሁ መግቧቸው፣ ማደሪያቸውን ይለምዳሉ። ለበዓል ከገበያ የተገዛ ዶሮ ከእነሱ ጋር አታቀላቅሉ፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ በአንድ ዶሮ ገብቶ ቤቱን ሙሉ ይጨርሳል። ክትባታቸውን የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ አስከትቡ።

ጭዱ ከረጠበ የዚያኑ ቀን አውጥታችሁ በደረቅ ተኩት፤ የወጣው ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ዋናው ቤት ሲያልቅ ልስኑ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ያዛወራችሁበት ሌሊት ሲነጋ ጊዜያዊውን አፍርሱት፤ ቆሞ ካዩት አመሻሽ ላይ ወደዚያው ይመለሳሉ። ግድግዳዎቹን ጠርጋችሁ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁና ኖራ ቀብታችሁ ነው ወደ አዲሱ ቤት የምታስገቡት።