ውፍረት መቀነስ የፈለገ ሰው ከየት ይጀምር?

ውፍረት ለመቀነስ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ሩጫ ነው። ጫማ ይገዛል፣ ጂም ይመዘገባል፣ ሁለት ሳምንት ይለፋል፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አይልም፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። ክብደት በዋናነት የሚቀንሰው በምንበላውና በምንጠጣው ነው። ስፖርቱ ልብን፣ ሳንባን፣ ጡንቻንና እንቅልፍን ያስተካክላል፣ የሄደው ኪሎም ተመልሶ እንዳይመጣ ያግዛል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን መጀመሪያ ድስቱ፣ ከዚያ ጫማው። እዚህ የምጽፈው በራሴም በአካባቢዬም ሲሰራ ያየሁትን፣ ለእኛ ምግብና ለእኛ ኑሮ የሚሆነውን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም አነጋግሩ። በተለይ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ በድንገት መቀነስ አደገኛ ነው።

1. ከየት እንደምትነሱ እወቁ

ሚዛን ያስፈልጋል፣ ውድ መሆን ግን የለበትም። እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን አስቀምጠው የሚመዝኑት ልጆች ጋርም ይቻላል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንዱ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። አንዱ ሚዛን ከሌላው በኪሎ፣ በሁለት ኪሎ ሊለያይ ስለሚችል ዛሬ ፒያሳ፣ በሳምንቱ መገናኛ ተመዝኖ "ቀነስኩ" ማለት አይቻልም። በሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ቢሆን ይመረጣል።

እኔ ግን ከሚዛኑ ይልቅ የማምነው የልብስ ሰፊ ሜትርን ነው። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሀል ላይ አዙሩት፣ ትንፋሽ አውጡ፣ ሆዳችሁን ሳትስቡ ለኩ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲሜትር ካለፈ ለስኳርና ለልብ ሕመም መጋለጥ ይጨምራል። ቦርጭ የመልክ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰው ሚዛኑ "ደህና ነህ" ቢለውም ሜትሩ ቁርጡን ይነግረዋል።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። "በአሥር ቀን አሥር ኪሎ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

2. ዘይቱን ለኩ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በብዙ ቤት ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በወር ከጨረሰ፣ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከ330 ካሎሪ በላይ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ይህን ለማቃጠል አንድ ሰዓት ገደማ ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። እንጀራውና ዳቦው ገና አልተቆጠረም።

ዘይት አቁሙ እያልኩ አይደለም። ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማንቆርቆር ግን ይቅር። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት። እሳቱን መጠነኛ አድርጉ፣ አማስሉ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ውሃውን ጨርሶ ቀለሙን ሲቀይር ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ፣ በርበሬውን አስከትሉ። ለአራት ሰው ሽሮ ወይም ምስር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ወጡ ሲበስል ዘይቱ ከላይ ይወጣል፣ ብዙ ሰው "በሰለ" የሚለውም ያንን አይቶ ነው። እሳቱን አጥፉና አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ የተንሳፈፈውን በማንኪያ እየቀዳችሁ አንሱለት። አትድፉት፣ ለነገው ቁሌት ይሆናል። ጣዕሙ ያለው በደንብ በተቁላላው ሽንኩርትና በቅመሙ ውስጥ ነው፣ ቤተሰቡም በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል።

የምታበስለው ሌላ ሰው ከሆነች፣ እናትም ትሁን ባለቤት ወይም እህት፣ ሳሎን ተቀምጦ "ዘይት ቀንሱ" ማለት ዋጋ የለውም። ገብታችሁ ሽንኩርት ላጡ። አብሮ ያቁላላ ሰው ቃሉ ይሰማል።

3. የምትጠጡት ስኳር

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሻይም ቡናም በሦስት ማንኪያ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ነው። ታዲያ ከሰዓት አንድ ለስላሳ ሲጨመርበት ወሰኑ ታለፈ፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው።

በአንድ ጊዜ አትቁረጡት። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ሳያውቀው ይለምዳል። በለስላሳው ቦታ አምቦ ውሃ በሎሚ ይተካ። ቢራም ቀላል አይደለም፣ ሦስት ጠርሙስ ከ400 ካሎሪ በላይ ነው፣ አብሮት የሚመጣው ጥብስ ሳይቆጠር።

4. የራሳችሁን ሳህን ያዙ

አንድ ትሪ ከበን መብላታችን ፍቅር ነው፣ እንዲቀር አልመኝም። ችግሩ ማን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ወሬው ይደምቃል፣ እጅ ይቀጥላል፣ ከሥር የቀረው ወጥ የጠጣው እንጀራ ደግሞ ከሁሉ ይጣፍጣል።

በሥራ ቀን በራሳችሁ ሳህን ብሉ። ግማሹን ሳህን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ፎሶሊያ ይያዘው። ሩቡን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ቀይ ሥጋ። ሩቡ ለእንጀራ ይሁን። ፕሮቲኑ ያጠግባል፣ ጡንቻም እንዳይሟሽሽ ይጠብቃል። ፍርፍር በእንጀራ ቁርስ ላይ ከለመዳችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ፣ ወይ ፍርፍሩን ወይ እንጀራውን።

ሰው ቤት ስትሄዱ ግን ነገሩ ይከብዳል። "በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!" የሚሉ አክስት ፊት ካሎሪ አይቆጠርም። የሚያዋጣው ቀስ ብሎ መብላት ነው። መጀመሪያ ፈጥኖ ጨርሶ ባዶ ትሪ ፊት የተቀመጠ ሰው ይደገምለታል። ጉርሻዋን ተቀበሉ፣ አመስግኑ፣ "እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ቡናውን እጠብቃለሁ" በሉ። ቡና ከተጠየቀ ወጡ ይነሳል።

5. ጾም ብቻውን አያከሳም

ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ፤ የሚጾም ሰው ኪሎው ባለመቀነሱ ይገረማል። ጥሉላት ቀርቷል፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ግን ሁሉም የጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተርቦ የቆየ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያነሳው ዳቦውን ነው። ስለዚህ ፆማችሁን ስትፈቱ በምስር ሾርባ ወይም በጎመን ጀምሩ፣ አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ዋናውን ምግብ ብሉ። በረመዳን የምትጾሙም ቴምሩንና ሾርባውን አስቀድሙ፣ የተጠበሰው ሳምቡሳ አንድ ይብቃው። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ለውዝ የበዛበት ቆሎ ግን በእፍኝ ይለካ፣ ምክንያቱም 100 ግራም ለውዝ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው።

6. አሁን ጫማችሁን አድርጉ

ወጥ ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ እንቅስቃሴው ይጣፍጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድ ይቆጠራል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ፈጠን ያለ እርምጃ ብቻ ሂዱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህን ስምንት ጊዜ ደጋግሙ። በየሳምንቱ የሶምሶማውን ደቂቃ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። እየሮጣችሁ አጠር ያለ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ያልፋል፣ ስለዚህ ትንፋሽ ቶሎ ቢቆራረጥ አትደንግጡ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣችሁም መጀመሪያ ሳምንት ላይ ቀስ በሉ። ለጀማሪ እንጦጦን አልመክርም፣ የጃን ሜዳ ሜዳው ለጉልበት ይሻላል። መስቀል አደባባይ ደረጃውን እየወጡ መውረድ ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ወር ከሠራችሁ በኋላ ይሁን።

ጫማው አዲስ መሆን የለበትም። ሳልባጅ ስትገዙ ሶሉን ገልብጡና እዩት፤ ተረከዙ በአንድ ጎን ካለቀ ወይም ስትጫኑት ደረቅ ከሆነ ተዉት፣ ኮብልስቶን ላይ ጉልበት ይጎዳል።

ለጡንቻው ጂም ግዴታ አይደለም። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ ግቢውን መዞር። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የሆድ ስብ ለይቶ አያቃጥልም። ላስቲክ ለብሶ መሮጥም ላብ ነው የሚያወጣው፣ ስትጠጡ የሚመለስ ውሃ ነው። "ቦርጭ ማጥፊያ" የሚባለውን የሚያስቀምጥ ሻይ እባካችሁ ተዉት፣ ሰውነትን ያደርቃል፣ ስቡን አይነካውም።

ግብ ከፈለጋችሁ ታላቁ ሩጫ አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፣ ብዙ ሰው በእርምጃም ይጨርሰዋል። ሰኔ ላይ የጀመረ ሰው ለኅዳር ይደርሳል።

7. "ምነው ከሳህ?"

ይሄ ጥያቄ ስንቱን ከመንገድ እንደመለሰ ቤቱ ይቁጠረው። ስንወፍር "ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል" እንባላለን፣ ስንከሳ "አሞህ ነበር እንዴ?" ይመጣል። ሰው ክፋት የለውም፣ ተጨንቆ ነው። መልሱን አዘጋጁ፦ "ደህና ነኝ፣ ስፖርት ጀምሬ ነው።" ለእናት ደግሞ ከስልክ ይልቅ በአካል ሄዳችሁ ታዩ፣ ደረጃውን ሳታለከልኩ ስትወጡ ስታይ ይቀላታል። ሳትሞክሩ ኪሎ ከቀነሳችሁ ግን ሐኪም ጋ መሄድ አለባችሁ።

8. ሚዛኑ ሲቆም እና በዓል ሲመጣ

ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ኪሎው መውረዱን ያቆማል። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለውም ይቀንሳል። ያኔ ምግብ ከመቀነስ በፊት ዘይቱን እንደገና በማንኪያ መለካት ጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ተመልሶ የበዛው እሱ ነው። ሜትሩንም አንሱ፣ ኪሎ ቆሞ ወገብ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ስድስት ሰዓት ካልሞላ ደግሞ እሱን አስቀድሙ፣ ያልተኛ ሰው ይርበዋል።

በዓል ሲመጣ ዶሮውን ብሉ። ፋሲካ ላይ ምግብ መቁጠር ቤተሰብ ያስከፋል፣ የአንድ ቀን ምግብም የወራትን ሥራ አያጠፋም። በማግስቱ ግን ሚዛን ላይ አትውጡ። ጨው የበዛበት ወጥና ብዙ እንጀራ ውሃ ይይዛል፣ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቢታያችሁ አብዛኛው ውሃ ነው። ሰኞ ወደ ሳህናችሁ ተመለሱ፣ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ለጎረቤት አካፍሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት በዚያው ሚዛን ተመዘኑ።