ፈረሱ እንደማይድን ለባለ ጋሪው እንዴት ይነገራል?

በሐዋሳ የታመመ የጋሪ ፈረስ ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «መቼ ሥራ ይጀምራል?» የሚል ስለሆነ፣ ጀማሪ ሐኪም ሰውየውን ያሳሰበው የዕለት ገቢው ብቻ ይመስለዋል። ይህን ሲጠይቅ እጁ ከፈረሱ ጋማ ላይ አለመነሳቱን ግን ልብ ማለት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር ይህ ቁርኝት እንግዳ አይደለም፤ ባለ ጋሪው አፍ አውጥቶ ስላልተናገረው ብቻ የለም አይባልም።

ምርመራው ሲጀመር ልጓሙን ባለቤቱ ራሱ ይያዝ፤ ፈረስ የለመደውን ድምፅ ከአጠገቡ ሲሰማ ይረጋጋልና። ሐኪሙ ከኋላ ሳይሆን በግራ ትከሻው በኩል ቀርቦ፣ ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣቱን አሳርፎ ትርታውን ይቁጠር። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ትልቅ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከደነገጠ ፈረስ የተገኘ ቁጥር ግን ያሳስታል። ከዚያ የፈረሱን ስም ጠይቆ በካርዱ ላይ መጻፍ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ባለቤቱ የቀረውን ታሪክ ሳይደብቅ እንዲናገር ያደርገዋል።

በፈንገስ የሚመጣውና የሊምፍ (በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ውሃ መሰል ፈሳሽ) መስመሮችን ተከትሎ ቆዳውን እያሳበጠ የሚፈነዳው በሽታ ሥር ከሰደደ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው የጋሪው ዕቃ ባቆሰለው ቦታ ስለሆነ ባለቤቱ «እኔው ነኝ የገደልኩት» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ሰዓት ስለ ዕቃው አያያዝ ማስተማር ጭካኔ ነው፤ ለሌላ ፈረስ እንዳይጠቀምበት ብቻ ነግሮ ማለፍ ይበቃል። የከበበውን ሰው አሰናብቶ፣ ባለቤቱን አስቀምጦ፣ «አባቴ፣ ይህ ፈረስ አይድንም» ማለትና ዝም ማለት ይሻላል። «እስኪ እናያለን» የተባለ ሰው ተበድሮ መድኃኒት ሲገዛ ይከርማል።

እግሩ የተሰበረ በሬ ይታረዳል፤ ፈረስ ግን ስለማይበላ መንገድ ዳር ይለቀቃል፣ ሌሊት ጅብ ያገኘዋል። በመርፌ ገድሎ ከሥቃይ ማሳረፍን ኃጢአት ነው ከሚል ባለቤት ጋር ክርክር አያስፈልግም፤ ፈረሱ ፉርሽካ ቀርቦለት ፊቱን ማዞሩን፣ ተኝቶ መነሳት ማቃቱን አሳይቶ ውሳኔውን ለእሱ መተው ይበቃል። ከተስማማ፣ ፈረሱ መጀመሪያ ራሱን እንደሚስት፣ ቀጥሎ ልቡ እንደሚቆም፣ ዓይኑ ግን እንደማይከደንና ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ ፈረሱ በሕይወት ሳለ የተተወ ይመስለዋል። መቆም ወይም መሄድ ምርጫው የራሱ ነው። መድኃኒቱ ፔንቶባርቢታል የተባለው ማደንዘዣ ከሆነ ሥጋውን የቀመሰ ውሻ ሊሞት ስለሚችል ሬሳው በጥልቀት ይቀበር።

የግንባሩን ጌጥ ፈትቶ ለባለቤቱ መስጠት አይዘንጋ። ስለ ዕቃው ማጽዳትና ትከሻው ላይ ስለሚደረገው የድብዳብ ጨርቅ የሚነገረው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ፈረስ ሊገዛ ማሰቡን ሊያማክር ሲመጣ ነው።