ክብደቱ ቀላል የሆነ ካርትሪጅን ከቶንአርም ጋር እንዴት እናጣጥማለን?

ብዙ ሰው ለሸክላ ማጫወቻው ካርትሪጅ (መርፌዋ ያለችበትን፣ ቶንአርም በሚባለው ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ክፍል) ሲመርጥ የሚያየው ድምፁንና ዋጋውን ነው። ክብደቱ ትዝ የሚለው ከገጠመ በኋላ ነው፤ ከክንዱ ኋላ ያለው ማመጣጠኛ ክብደት እስከ ጥግ ተገፍቶም ክንዱ ፊቱን ወደ ላይ አንስቶ አልወርድም ሲል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ቁጥር ፈልጉ።

አንደኛው የካርትሪጁ ክብደት ነው። ሁለተኛው ኮምፕሊያንሱ፣ ማለትም መርፌዋን የያዘው ቀጭን ዘንግ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚተጣጠፍ የሚናገረው ቁጥር። ሦስተኛው የክንዱ ኢፌክቲቭ ማስ ነው። ይሄኛው ክንዱን ነቅላችሁ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት የምታገኙት አይደለም፤ ክንዱ ሲንቀሳቀስ መርፌዋ የምትሸከመው ነው። ሦስቱም ብዙ ጊዜ መመሪያው ላይ አሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንደ ዴነን ያሉ የጃፓን አምራቾች ኮምፕሊያንስን የሚለኩት በ100 ሄርዝ ስለሆነ፣ ለስሌታችን የሚሆነውን ቁጥር ለመገመት በ1.5 እስከ 2 ማባዛት ያስፈልጋል።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ክፈቱ። የክንዱን ማስ፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሩ። ድምሩን በኮምፕሊያንሱ አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። ከዚያ 159ን ላገኛችሁት ቁጥር አካፍሉ። መልሱ ክንዱና ካርትሪጁ አብረው የሚርገበገቡበት ፍጥነት ነው፣ በሄርዝ። ከ8 እስከ 12 ከመጣ ጥሩ ነው። ከዚያ ከወረደ የተጣመመ ሸክላና የእግር ኮቴ ያስጨፍረዋል፤ በጣም ከወጣ ደግሞ ወደ ሙዚቃው ባስ ይጠጋል።

"ቀላል ካርትሪጅ ለቀላል ክንድ" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ወሳኙ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ልስላሴው፣ ማለትም ኮምፕሊያንሱም ነው። 12 ግራም ማስ ያለው ክንድ ላይ 5 ግራም የሚመዝን፣ ኮምፕሊያንሱ 25 የሆነ ካርትሪጅ ከ1 ግራም ብሎን ጋር ብትገጥሙ 7.5 ሄርዝ ይመጣል። ትንሽ ዝቅ ብሏል። የኦርቶፎን ኦኤም ካርትሪጆች ላይ የምትወጣ ትንሽ ክብደት አለች፤ እሷ ስትነሳ 5 ግራም የነበረው 2.5 ይሆናል። በምሳሌያችን ላይ ይህን ብናደርግ ወደ 8.1 እንወጣለን። ተገላቢጦሹን ደግሞ እዩ፦ ክንዱ 8 ግራም፣ ብሎኑ ያው 1፣ ካርትሪጁ ያው 5፣ ግን ደረቅ፣ ኮምፕሊያንሱ 10። ውጤቱ 13.4 ነው። በሄድሼሉ (ካርትሪጁ በሚታሰርበት የክንዱ ጫፍ) እና በካርትሪጁ መሀል 4 ግራም የምትመዝን ስስ ብረት ብታስገቡ 11.9 ላይ ያርፋል።

ማመጣጠኛው አልበቃ ሲልም መፍትሔው በዚሁ ሂሳብ ነው የሚወሰነው። የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ማጫወቻ ክንድ ያለ ተጨማሪ ነገር የሚያመጣጥነው ከ6 እስከ 10 ግራም ያለ ካርትሪጅ ነው፤ ከዚያ ለቀለለ ሄድሼሉ ላይ የሚታሰር ክብደት አለው። ካርትሪጃችሁ ደረቅ ከሆነ ይህ ሁለቱንም ችግር ባንዴ ይፈታል። ለስላሳ ከሆነ ግን ፊት ላይ ክብደት መጨመር ሄርዙን ያወርደዋል፣ ስለዚህ ከኋላ ቀለል ያለ ማመጣጠኛ መፈለግ ይሻላል።

ወደ መግጠሙ እንሂድ። የመርፌዋ መሸፈኛ አይውለቅ። ገመዶቹን በወረንጦ፣ ጫፋቸው ላይ ያለችውን ብረት ይዛችሁ አስገቡ፤ ገመዱን ራሱን ከጎተታችሁት ይበጠሳል። ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጌቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጌቲቭ ነው። ብሎኖቹን ለጊዜው ላላ አድርጓቸው።

ማጫወቻው በውኃ ልክ መስተካከሉን አረጋግጡ፣ አንቲስኬቱን (ክንዱ ወደ ሸክላው መሀል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ መሸፈኛውን አውልቃችሁ ክንዱ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ማመጣጠኛውን አሽከርክሩ። ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡና ሁለቱን አንድ ላይ እያዞራችሁ አምራቹ የጻፈውን፣ መርፌዋ ሸክላውን የምትጫንበትን ግራም ስጡት። "ሸክላዬ እንዳይበላሽ" ብላችሁ ከተጻፈው አታሳንሱ! የላላች መርፌ እየዘለለች ሸክላውን የበለጠ ትፍቀዋለች። በፕሮትራክተር (የካርትሪጁን አቀማመጥ በሚያሳየው መለኪያ ካርድ) አቅጣጫውን አስተካክሉ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ የመርፌዋን ግራም እንደገና ለኩ፣ አንቲስኬቱን ከመርፌው ግራም ጋር እኩል አድርጉ።

በመጨረሻ ትንሽ የተጣመመ ሸክላ አጫውቱና ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩ። ካርትሪጁ ከሸክላው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ጠማማው ካለፈ በኋላም ካርትሪጁ መወዛወዙን ከቀጠለ፣ ዘንጉም እየተጫነ መለስ የሚል ከሆነ፣ ሄርዙ ወርዷል ማለት ነው። የስፒከሩን ጨርቅ አንስታችሁም ማየት ትችላላችሁ፤ ሙዚቃ በሌለበት ቦታ ትልቁ ስፒከር ቀስ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይተነፍሳል። ያኔ ከክንዱ ፊት ላይ ካለው ክብደት ቀንሱ፣ መርፌዋ ከምትጫንበት ግራም አይደለም። የሚቀነስ ከሌለ የፎኖ ፕሪአምፑን (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ የሚያጎላውን መሣሪያ) ሰብሶኒክ ፊልተር፣ ማለትም ከሙዚቃው በታች ያለውን ርግብግቢት የሚቆርጠውን ማጣሪያ አብሩት።